የዝገቱ ፎቶግራፍም ከመኪናው ጋር ይሰጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ክቡር አዘጋጅ፣

ያገለገሉ መኪኖችን ስለመግዛትና ስለመሸጥ የአንባቢያንን አስተያየት ስለምታስተናግዱ፣ በምኖርበት በእንግሊዝ አገር ስላለ አንድ የተለየ ገበያ፣ ይኸውም ታድሰው ስለሚሸጡ አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች፣ ያለኝን ሐሳብ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጉዳዩ የጥቂት ባለጸጎች መዝናኛ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዚህ ገበያ ውስጥ በብየዳ፣ በቀለም ቅብና በሞተር ሥራ እንጀራቸውን የሚያገኙ ወገኖቻችን አሉ፤ ለዓመታት ታክሲ ነድተው ወይም ሆስፒታል ውስጥ ሠርተው ካጠራቀሙት ገንዘብ ላይ ቀንሰው፣ በወጣትነታቸው በመጽሔት ላይ ብቻ ያዩትን መኪና የሚገዙም አሉ። በሻጩም በገዢውም ላይ ጉዳት የሚያደርስ አንድ ልማድ እየተስፋፋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሱም መኪናው ከቀለሙ በታች ምን እንደነበረና ምን እንደተሠራለት የሚያሳየውን ማስረጃ ደብቆ፣ በሚያብረቀርቅ ቀለም ብቻ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ብሎ መሸጥ ነው።

እኔ የላሜራና የብየዳ ሠራተኛ ነኝ። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በኦክስፎርድሸር ነው። አሁን እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ አንድ ኤም ጂ ቢ የተባለ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አድሼ ለሽያጭ አቅርቤያለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ከዳር ተመልካች ሆኜ ሳይሆን ራሴ በሻጭነት ቦታ ቆሜ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ ለይቼ እጽፋለሁ።

ክርክሬ በመኪናው አሠራር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አስቀድሜ ስለ እሱ ልናገር። ኤም ጂ የሚለው ስም የመጣው በኦክስፎርድ ከተማ ከነበረው ሞሪስ ጋራጅስ ከተባለው ድርጅት ነው። ኤም ጂ ቢ በ1962 ለገበያ ቀርቦ እስከ 1980 ድረስ ከኦክስፎርድ በስተደቡብ በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ ሲሠራ ቆየ፤ በዚያው ዓመት ፋብሪካው ተዘጋ። ባለ ሸራ ጣሪያውና ከ1965 ጀምሮ የተሠራው ባለ ብረት ጣሪያ ጂ ቲ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ከ500,000 በላይ መኪኖች ከዚያ ወጥተዋል፤ ትልቁን ድርሻ የገዛችውም አሜሪካ ነበረች። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,798 ሲሲ፣ ሁለት ኤስ ዩ የተባሉ ካርቡሬተሮች (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉ) ያሉት ሲሆን፣ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) መጀመሪያ በሦስት ቦታ ብቻ የተያዘ ነበር፤ ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ ግን በአምስት ቦታ እንዲያዝ ተደርጎ ጥንካሬው ጨመረ። በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ይችላል። ይህ ፍጥነት ዛሬ ማንንም አያስደንቅም፤ ሰዎች መኪናውን የሚወዱት ወደ መሬት ቀርቦ ስለሚሄድ፣ መሪው የመንገዱን ጠባይ ለእጅ ስለሚያደርስና ትዕግሥትና ጥቂት መፍቻ ያለው ሰው ራሱ ሊጠግነው ስለሚችል ነው። መለዋወጫውም እስከ ዛሬ በቀላሉ ይገኛል፤ ፋብሪካው ይጠቀምባቸው የነበሩት የላሜራ መቅረጫዎች ተሰብስበው ከ1988 ጀምሮ ሙሉ ቦዲው ሳይቀር እንደ አዲስ እየተሠራ ይሸጣል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ኤም ጂ ቢ ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም። ከእሱ በፊት የነበረው ኤም ጂ ኤ ቦዲው የሚታሰርበት ጠንካራ የብረት ሻንሲ ነበረው። በኤም ጂ ቢ ግን ሸክሙን ሁሉ የሚሸከመው አንድ ላይ የተበየደው ላሜራ ራሱ ነው፤ የብረት ጣሪያ በሌለው ዓይነት ላይ ደግሞ መኪናው መሐሉ ላይ እንዳይጎብጥ ከሚይዙት ክፍሎች ዋነኞቹ በግራና በቀኝ ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘረጉት ሁለት የላሜራ ሣጥኖች ናቸው። እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ቁራጭ አይደለም። ከውጭ የሚታየው ላሜራ፣ በውስጡ ቆሞ ሣጥኑን ለሁለት የሚከፍለው፣ በመቀመጫው በኩል ያለውና ከሥር የሚዘጋው ተደራርበው በመበየዳቸው ነው ጥንካሬ የሚያገኘው። የፊት ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከፓራፋንጎው በስተኋላ፣ በማይታይ ቦታ ይጠራቀማል፤ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በእንግሊዝ መንገዶች ላይ የሚበተነው ጨው ይጨመርበታል፤ ዝገቱም ሣጥኑን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ብቅ ባለች ጊዜ የውስጡ ላሜራ ካለቀ ቆይቷል።

ይህን ሣጥን በአግባቡ መጠገን አድካሚ ሥራ ነው። አስቀድሞ ቦዲው ቅርጹን እንዳይለቅ የበሩ ክፍተት በብረት ይወጠራል፤ የፊት ፓራፋንጎው ይነሣል፤ የዛገው ሁሉ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ አዲሶቹ ላሜራዎች በቅደም ተከተል ይገጠማሉ፤ ከመበየዳቸው በፊትም በሩ እየተሰቀለና እየወረደ በዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል መሆኑ ይታያል። ቦዲው ሳይወጠር ሣጥኑን የቆረጠ ሰው መኪናውን መሐል ላይ ያጎብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የተበየደው ብየዳ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን በሩ በትክክል አይዘጋም። ቀለሙ ካለቀ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ ዝገት የሚከላከል ሰም ይረጫል።

አቋራጩ ደግሞ የሚከተለው ነው። የዛገው ሣጥን እንዳለ ይተውና በላዩ አዲስ ላሜራ ይለጠፍበታል፤ ጠርዙ በስቱኮ (ሲደርቅ በሚጠነክር መሙያ ልጥፍ) ይሞላል፣ ይፈገፈጋል፣ ይቀባል። ፎቶግራፍ ላይ ሁለቱ መኪኖች አይለዩም፤ እንዲያውም የተለጠፈው አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ያምራል። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የታሰረው እርጥበት ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ ገዢው የከፈለበት አዲስ ላሜራም ከጀርባው ካለው አሮጌ ጋር አብሮ ይዝጋል። ከሁሉ የከፋው መኪናው በግጭት ጊዜ ሊኖረው የሚገባው ጥንካሬ የለውም፤ የሚነዳው ሰው ግን ይህን አያውቅም።

የሚገዛ ሰው ራሱን የሚከላከልባቸው ጥቂት መንገዶች አሉ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ከበሩ ሥር ባለው ሣጥን ርዝመት ሁሉ ቢያስሄድ፣ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ላይ ማግኔቱ አይዝም። መኪናው በጎኑ ካለው የማንሻ ቦታ በክሪክ ከፍ ሲደረግ የበሩ ክፍተት ከጠበበና በሩ አልከፈት ካለ ሣጥኑ ሥራውን አይሠራም ማለት ነው። በሚነሣበት ጊዜ ላሜራው ከተሰነጠቀ ወይም ከጎበጠማ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። የኋላ ባሌስትራዎቹ (የመኪናውን የኋላ ክብደት የሚሸከሙት ተጣጣፊ ብረቶች) የሚታሰሩበት ቦታና ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ያሉት የባትሪ ሣጥኖችም በመብራት መታየት አለባቸው። ይሁን እንጂ የመመርመሩ ሸክም ሁሉ በገዢው ላይ እንዲወድቅ መተው ተገቢ አይመስለኝም። ላሜራው ተከፍቶ በነበረበት ጊዜ ያየው ሻጩ ነው፤ ገዢው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ማየት አይችልም።

መኪናዬን ለማሻሻጥ ፈቃደኛ የነበረ አንድ ነጋዴ ያዘጋጀሁትን የፎቶግራፍ አልበም ከተመለከተ በኋላ የመጀመሪያውን ግማሽ እንዳወጣው መከረኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ የመኪናው ወለል ተበልቶ መሬቱ ሲታይ፣ ሣጥኖቹ እንደ ወንፊት ተበሳስተው፣ የባትሪ ሣጥኖቹ ጨርሶ ጠፍተው የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አሉ። «ዝገት ያየ ገዢ ይሸሻል» ነበር ያለኝ። ሐሳቡ በክፋት የተሰጠ አይመስለኝም፤ በገበያው ውስጥ ብዙዎች የሚያምኑበት ነው፤ እኔ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። በ1966 የተሠራና በእንግሊዝ መንገድ ላይ የኖረ ኤም ጂ ቢ ያለመዛግ ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነው። ስለዚህ የዝገት ፎቶግራፍ የሌለው ሻጭ መኪናው አልዛገም ማለቱ አይደለም፤ ዝገቱ የት እንደደረሰ ማሳየት አልቻለም ወይም አልፈለገም ማለት ነው። ያንን ፎቶግራፍ አይቶ የሚሸሽ ገዢ የሚሸሸው ተቆርጦ ከወጣው ዝገት ነው፤ አይቶ የሚቆየው ደግሞ የትኛው ላሜራ አዲስ፣ የትኛው የፋብሪካው እንደሆነ አውቆ ይገዛል። ከእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ጋር የተደረገ ሽያጭ ከስድስት ወር በኋላ በስልክ ወቀሳ አይመለስም።

አልበም ስል ደግሞ እንዲሁ የተሰበሰቡ ፎቶግራፎች ማለቴ አይደለም። አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ መነሣት አለበት፤ ሳይነካ እንደዛገ፣ ተቆርጦ ባዶ እንደሆነ፣ አዲሱ ላሜራ ተበይዶ ገና ቀለም ሳይነካው። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የብየዳው ጥራት የሚታየው በዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው ቀለም ካረፈበት በኋላ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ይሆናል። ከሌላ መኪና የተወሰደ ፎቶግራፍ አለመሆኑ እንዲታወቅም የሻንሲ ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ በተወሰኑት ላይ መታየት ይኖርበታል። በዚህ ላይ የላሜራው፣ የቀለሙና የሞተር ሥራው ደረሰኞች ይጨመራሉ። እኔ ከቆረጥኳቸው አሮጌ ላሜራዎች ጥቂቱን በስማቸው ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ለገዢው እሰጣቸዋለሁ።

ከተሠራው እኩል ያልተሠራውም መጻፍ አለበት። በእኔ መኪና ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) አልተፈታም፤ በደንብ ስለሚሠራ አልነካሁትም፤ ነገር ግን ውስጡን አላየሁምና ስለ ውስጡ ቃል አልሰጥም። በዚያ ዘመን የተሠራው ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ ላይ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ሳይጋጭ እንዲገባ የሚረዳው ክፍል) ስለሌለው መኪናው እየሄደ አንደኛ ማስገባት ጥርሱን ይጎዳል፤ ይህ የፋብሪካው አሠራር እንጂ ብልሽት ባይሆንም በዘመናዊ መኪና የለመደ ሰው ካልተነገረው በመጀመሪያው መብራት ላይ ያበላሸዋል። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት መኪኖች ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፤ ዛሬ ከምናውቀው ተቃራኒ ነው ማለት ነው። ሁለት ባለ ስድስት ቮልት ባትሪዎችም ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ተቀምጠዋል። አንዳንዱ አዳሽ ይህን ወደ አዲሱ አሠራር ቀይሮታል፣ አንዳንዱ እንዳለ ትቶታል፤ በጽሑፍ ካልተነገረው ገዢው ባትሪውን አገላብጦ ሊያስር ይችላል። የፊት እግሮቹ ፔርኖ (መሪው ሲዞር የፊት ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ) በየጊዜው ግሪስ ይፈልጋል፤ ይህንንም የዘመኑ ጋራዥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል።

ነዳጅም የራሱ ጉዳይ አለው። በእንግሊዝ አገር እርሳስ ያለበት ቤንዚን በአጠቃላይ ገበያ መሸጥ ያቆመው በ1999 መጨረሻ ነው፤ የእነዚህ ሞተሮች ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ደግሞ የተሠራው እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫውን ይጠብቃል ተብሎ ነበር። ስለዚህ ቴስታታው ወርዶ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ተገጥሞለት እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ደረሰኙ መናገር አለበት። ከመስከረም 2021 ጀምሮ ደግሞ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ሆኗል፤ ኤታኖሉ የጥንቱን የጎማ ቱቦና ጋስኬት ያላሽቀዋል። አገር ቤትም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በሚወጣ ኤታኖል የተደባለቀ ቤንዚን ስለተሸጠ ነገሩ ለአንባቢያን እንግዳ አይሆንም። የነዳጅ ቱቦዎቹ ኤታኖል በሚችሉ መተካታቸውን የማይናገር የእድሳት መግለጫ ጎደሎ ነው፤ ቱቦው የሚያልፈው በጋለ ሞተር አጠገብ ነውና።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚሸፋፈነው የመኪናው ትውልድ ነው። ወደ አሜሪካ ተልከው በካሊፎርኒያና በአሪዞና ደረቅ አየር ውስጥ ሳይዝጉ የቆዩ ብዙ ኤም ጂ ቢዎች ወደ እንግሊዝ ተመልሰው መሪያቸው ከግራ ወደ ቀኝ ተዛውሯል። ሥራው በአግባቡ ከተሠራ ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ንጹሕ ላሜራ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ነውሩ አለመናገሩ ነው። ጌይደን በሚገኘው የእንግሊዝ የሞተር ሙዚየም ውስጥ የፋብሪካዎቹ መዝገቦች ተጠብቀዋል፤ ክፍያ ከፍሎ ለሚጠይቅ ባለቤት ሙዚየሙ መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሙን፣ የሞተር ቁጥሩንና የተላከበትን አገር የያዘ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የእኔ መኪና በእንግሊዝ አገር የተሸጠና ነጭ እንደነበረ ወረቀቱ ያሳያል። ወደ እኔ የመጣው በአረንጓዴ ቀለም ነበር፤ ወደ ነጭ መልሼዋለሁ። የሞተር ቁጥሩ ግን ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም፤ ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱ በተመሳሳይ ዓይነት ሞተር ለውጦታል። ይህ ዋጋውን ይቀንሳል፤ መቀነሱም ተገቢ ነው።

በአገራችን ሊብሬ በስሙ የሆነ ሰው የመኪናው ባለቤት ነው። የእንግሊዙ የመኪና መዝገብ ወረቀት ግን የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ በራሱ ላይ ተጽፎበታል፤ የሚያሳየው መኪናውን በኃላፊነት የያዘውን ሰው ብቻ ነው። ወገኖቼ ይህን ሳያውቁ ወረቀቱን ብቻ አይተው ገንዘብ ሲከፍሉ ስለማይ፣ ሻጩ ራሱ የገዛበትን ውልና መኪናው የብድር መያዣ አለመሆኑን የሚያሳይ ማጣሪያ እንዲጠይቁ አሳስባለሁ።

ሕጉም ቢሆን ሻጩን ነጻ አይለቀውም። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ «እንዳለ ነው የሸጥኩልህ» ማለት ከማንኛውም ተጠያቂነት ያድናል ተብሎ በሰፊው ይታመናል። እውነት ነው፣ ግለሰብ ሻጭ እንደ ነጋዴ ስለ ዕቃው ጥራት አይጠየቅም፤ ነገር ግን የተሸጠው ዕቃ ከተሰጠው መግለጫ ጋር መስማማት እንዳለበት የ1979 የዕቃ ሽያጭ ሕግ ይደነግጋል፤ በሐሰት መግለጫ ተገፋፍቶ ለገዛ ሰውም የ1967 ሕግ መፍትሔ ይሰጠዋል። ነጋዴ ከሆነ ደግሞ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ይጨመርበታል፤ ገዢው ጉድለት ያለበትን መኪና በ30 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት አለው። እንግዲህ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ብሎ የጻፈ ሰው በሕግ ፊት ሊጠየቅበት የሚችል መግለጫ ሰጥቷል ማለት ነው፤ የሥራው መዝገብ የሚጠብቀው ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሻጩን ጭምር ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ አደገኛ ክፍተት አለ። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ አሮጌ መኪኖች በእንግሊዝ አገር ከዓመታዊ የመንገድ ግብር ነጻ ናቸው፤ ከግንቦት 2018 ጀምሮም ከመሠረታዊ አሠራራቸው እስካልተለወጡ ድረስ ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነጻ ሆነዋል። ይህ ማለት ከበሩ ሥር ያለው ሣጥን በስቱኮ የተሞላ መኪና ማንም መርማሪ ሳያየው ለዓመታት መንገድ ላይ ሊውል ይችላል ማለት ነው። ለመንገድ ብቁ ያልሆነ መኪና መንዳትም መሸጥም ግን ያው ወንጀል ነው። እኔ መኪናዬን ሕጉ ባያስገድደኝም አስመርምሬዋለሁ፤ የምርመራው ውጤት በታርጋ ቁጥሩ ለማንም ሰው በኢንተርኔት ስለሚታይ ገዢው የእኔን ቃል ማመን አያስፈልገውም። ለሽያጭ የሚቀርብ የታደሰ መኪና ሁሉ እንዲህ ቢደረግ የምርመራው ክፍያ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው።

አሁን ወደ ችግሩ ምንጭ ልምጣ። ይህ ልማድ የሚመጣው ሁልጊዜ ከስግብግብነት አይደለም። በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ ታይፕ ዋጋው ከፍተኛ ስለሆነ የእድሳቱን ወጪ ሊሸከም ይችላል። ኤም ጂ ቢ ግን በብዛት የተሠራ መኪና ነው፤ ብዙ ስላለ ዋጋው ልከኛ ነው፤ ቦዲውን ከሥር ጀምሮ ለማደስ የሚወጣው ገንዘብና የሥራ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከመሸጫ ዋጋው ይበልጣል። በጨረታ ቤት ቢሸጥ ደግሞ የኮሚሽኑ ወጪ አለበት። ስለዚህ ከእድሳቱ መኖር ያለበት አዳሽ የሆነ ቦታ ላይ መቀነስ ይገደዳል፤ የሚቀንሰውም ገዢው ከሚያየው ከቀለሙ፣ ከወንበሩ ቆዳና ከሚያብረቀርቀው ባምፐር ሳይሆን ከማይታየው ነው። ገበያው ለማይታየው ሥራ ዋጋ ካልሰጠ በአግባቡ የሚሠራው በያጅ ከአቋራጩ ሠራተኛ ጋር መወዳደር አይችልም፤ ከጊዜ በኋላም ወይ ሙያውን ይተዋል ወይ እሱም ያንኑ መንገድ ይከተላል። ይህ እጅግ ያሳስበኛል፤ ይህን ሙያ የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው፣ ከእነሱ እግር ሥር ሊማሩ የሚፈልጉ ወጣቶችም ጥቂት ናቸው። የማይታየውን ሥራ እንዲታይ የሚያደርገው አልበሙና ደረሰኙ ብቻ ነው፤ ሁለት ነጭ ኤም ጂ ቢዎች ጎን ለጎን ቆመው አንደኛው በመዝገቡ ምክንያት በበለጠ ዋጋ ሲሸጥ ነው በያጁ የድካሙን የሚያገኘው። የራሴን የመሸጫ ዋጋ የወሰንኩት ያወጣሁትን ሰዓት ቆጥሬ አይደለም፤ ተመሳሳይ መዝገብ ያላቸው መኪኖች የተሸጡበትን አይቼ፣ በሞተሩ ቁጥር ምክንያት ደግሞ ቀንሼ ነው።

መኪናውን ለምን ወደ አገር ቤት አልወስደውም ብለው የጠየቁኝ ወዳጆች ስላሉ በአጭሩ ልመልስ። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። መሪውም በቀኝ ነው፤ አገራችን ደግሞ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ በኩል መንዳት ጀምራለች። ስለዚህ መኪናው የሚሸጠው በተሠራበት አገር ነው።

ጋዜጣችሁ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያዎችን ስለሚያትም አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አቀርባለሁ። «የታደሰ» ተብሎ የሚመጣ ማስታወቂያ፣ መኪናው በአገር ቤትም በውጭም ይሸጥ፣ ሦስት ነገሮችን እንዲናገር ብትጠይቁ ቦታ አይፈጅም፤ የቦዲው ሥራ በፎቶግራፍ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን፣ ደረሰኞች መኖር አለመኖራቸውን፣ ሳይሠራ የቀረው ምን እንደሆነ። መልስ የሌለው ሻጭ «ቀለም የተቀባ» ብሎ ያውጣ፤ ይህም ሐቀኛ ማስታወቂያ ነው፣ ገዢም ያገኛል። የእኔ ማስታወቂያ ከዚህ በታች ባለው ቃል የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለሌሎች ወገኖች እንደ ናሙና ቢያገለግል ደስ ይለኛል፦

«ኤም ጂ ቢ፣ ባለ ሸራ ጣሪያ፣ የ1966 ሥሪት። ከበሮቹ ሥር ያሉት ሣጥኖች፣ ወለሉና የባትሪ ሣጥኖቹ ሙሉ በሙሉ ተቆርጠው በአዲስ ላሜራ ተተክተዋል፤ ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፎቶግራፍ ተመዝግቧል። ቴስታታው ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ተገጥሞለታል፤ የነዳጅ ቱቦዎቹ ተለውጠዋል፤ ደረሰኞች አሉ። ሞተሩ የመጀመሪያው አይደለም። ካምቢዮው አልተፈታም። የባትሪው አስተሳሰር እንደ ፋብሪካው ነው። ገዢው የራሱን መካኒክ ይዞ መጥቶ መኪናውን በክሪክ አስነሥቶ ማየት ይችላል።»

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የላሜራና የብየዳ ሠራተኛ፣
ኦክስፎርድሸር፣ እንግሊዝ አገር